ነን ካፌ

አሜሪካ ውስጥ መታወቅ በገንዘብ ይሸጣል። ይህን የሰማሁት ከእህቴ ልጅ ነው። ልጅቱ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሉተራን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በደወለች ቁጥር ስለ ትምህርቱ ትንሽ፣ ስለ ግቢው ትንሽነት ግን ብዙ ታወራኛለች። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ይተዋወቃል። ፕሮፌሰሩ በስሜ ነው የሚጠራኝ። አንድ ቀን ከቀረሁ ‹ምነው፣ አመመሽ?› ብሎ ይጽፍልኛል። እራት አብረን እንበላለን። ኮሚዩኒቲ ነው የሚሉት።» ቀጥላ የዓመቱን ክፍያ ነገረችኝ። ወደ ብር ልመነዝረው ጀመርኩና ለጤናዬ ስል ተውኩት።

ዩኒቨርሲቲው የሚያሳትመውን የማስታወቂያ መጽሔትም ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ተማሪዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ይዞ የሚስቅ ተማሪ ከተገኘ ጸበል ይወሰዳል።

ሉተራን ማለት እዚህ አገር መካነ ኢየሱስ የምንላቸው ወንጌላውያን ዘመዶች ናቸው። (ደቡብ ጎንደር ውስጥ ቆማችሁ «መካነ ኢየሱስ» ብትሉ ግን ረዳቱ የሚጭናችሁ ወደ እስቴ ነው፤ የወረዳው ከተማ ስም ነውና።) ሚኒሶታና አዮዋ አካባቢ ያሉትን ትንንሽ የሉተራን ኮሌጆች በብዛት የተከሉት ከኖርዌይና ከስዊድን የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። የአዮዋው ሉተር ኮሌጅ በ1861፣ የሚኒሶታው ሴንት ኦላፍ በ1874 ነው የተቆረቆረው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። አብዛኞቹ ስደተኞች ገበሬዎች ነበሩ። ልጆቻቸው ሃይማኖታቸውን እንዳይረሱ፣ ከመካከላቸውም ቄስና መምህር እንዲወጣ ፈልገው፣ ከጎተራቸው ቀንሰው ትምህርት ቤት ሠሩ። ይህን ሳነብ ለፎገራ ገበሬ የማይገባ ነገር አላገኘሁበትም። ያልገባኝ ክፍያው ብቻ ነው።

እኔ ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወረታ ላይ በስም መጠራት በነጻ ነው። ይልቅስ አለመታወቅ ተቋጥሮ የሚሸጥ ዕቃ ቢሆን ከሽንኩርቱና ከሩዙ በፊት እሱ ያልቅ ነበር። ጥፋቱ የመሬቱ ነው። ፎገራ ሜዳ ነው፤ ከጉማራ ወንዝ እስከ ርብ ወንዝ ዓይን የሚያቆም ነገር የለም። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ከክፍል ሲሾልክ የሚሸሸግበት ጫካ አለው፣ ሸለቆ አለው። እዚህ ያለው ሩዝ ነው፤ ሩዝ ደግሞ የተቀመጠን እንጂ የቆመን ሰው አይደብቅም። ወደ ጣና አቅጣጫ ጠፍቶ የሚሄድ ተማሪ ጀርባው ሳይሰወር ወሬው እቤቱ ይደርሳል። ከተማዋ ራሷ መገንጠያ ላይ ናት። አንዱ መንገድ ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ጎንደር ያልፋል፤ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ወሬም በሦስቱም አቅጣጫ ትኬት ሳይቆርጥ ይሳፈራል።

እናቴ ለተማሪ ክፍል ታከራያለች። ወረታ የግብርና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። ከዚያ ሌላ ደግሞ ከገጠር ቀበሌ ሽሮና በርበሬ፣ ዱቄትና ድርቆሽ ቋጥረው የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ። ስንቃቸው ባለቀ ቁጥር ዓርብ ወጥተው እሑድ ማታ እየተሸከሙ ይመለሳሉ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቷን አልቀጠለችም፤ ሌላውን ማስቀጠል ግን አላቋረጠችም።

የእናቴ ግቢ እንደማንኛውም ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የራሱ አሠራር አለው። ሬጅስትራሩ የማድ ቤቱ ግድግዳ ነው፤ ኪራይ የከፈለና ያልከፈለ በከሰል ይመዘገብበታል። ፕሮክተሯ እሷው ናት። ስም መጥራት አያስፈልጋትም፤ ማታ ፋኖስ ይዛ፣ አሁን አሁን ደግሞ በሞባይሏ መብራት፣ በየበሩ ሥር የወለቀ ጫማ ትቆጥራለች። ጫማው ከጎደለ አንድ ልጅ ውጪ ነው። ጫማው ከበዛ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እሷ ስትሆን አባላቱ ሁለት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ስብሰባውም ቡና ሲፈላ ነው። ይግባኝ የለውም። ቀለም የተቀባ የሴት ጫማ በወንዶች በር ላይ የታየ ዕለት ውሳኔው ከአቦሉ በፊት ይሰጣል።

ስለዚህ ፍቅር የጀመረ የወረታ ተማሪ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ለመጠጣት ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳል። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለእህቴ ልጅ የሚከፈለው ገንዘብ የመታወቅ ዋጋ ከሆነ፣ ይህ የሚኒባስ ታሪፍ የአለመታወቅ ዋጋ ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። የሚኒባሱ ረዳት የእናቴ የክርስትና ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ካፌ እና ነን ካፌ። ካፌ ትሪውን ይዞ ተሰልፎ የቀረበለትን ይበላል። ነን ካፌ የምግቡን ብር በእጁ ተቀብሎ ውጪ የሚበላው ነው። የወሩ መጀመሪያ ላይ ጥብስ ያዛል፤ ወሩ ሲጋመስ ሽሮ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የካፌ ጓደኞቹን ጤንነት አዘውትሮ መጠየቅ ይጀምራል። እኔ ይህን ክፍፍል ከቀልድ በላይ አድርጌ ነው የማየው። ትምህርት ቤትን ትምህርት ቤት የሚያደርገው ማን ያስተምራል ከሚለው ይልቅ ማን ያበላል፣ የቀረውንስ ማን «ምነው ቀረ?» ይላል የሚለው ይመስለኛል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። የአገራችን የመጀመሪያው ነን ካፌ የቆሎ ተማሪ ነው። ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ማየት የሚፈልግ ሰው ቪዛ ሳያስፈልገው በወረታ በኩል ወደ ጋይንት ይውጣ። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። በአንድ ቦታ አንድ ሙያ፣ ለአንድም ሙያ አንድ የምስክር መምህር። ዶርሙን ተማሪው ራሱ ይሠራዋል፤ ጎጆ ነው። ዩኒፎርሙ ደበሎ፣ ቦርሳው አኩፋዳ ነው። የመግቢያ ፈተናውን የሚሰጠው ደግሞ የሰፈሩ ውሻ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ባታቸው ላይ ውጤቱን ይዘው ይኖራሉ።

ካፌው መንደሩ በሙሉ ነው። ልጁ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እመቤቲቱ ከውስጥ ሆና በድምፁ ትለየዋለች። ስሙን ላታውቅ ትችላለች፤ ከየት አገር እንደመጣ ግን በለመነበት ዜማ ታውቃለች። ድምፁ የተሰበረ ዕለት ቁራሿ ወፈር ትላለች። ሁለት ቀን የቀረ እንደሆነ ለቀጣዩ ለማኝ «ያ ቀጭኑ ጓደኛህ ምን ሆነ?» ትለዋለች። የእህቴ ልጅ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራ ቢሮ አለ አሉ፤ ሠራተኞቹም ደመወዝተኞች ናቸው።

ልጅቱ ስለ ሉተር ደጋግማ ስታነሣብኝ እኔም መጽሐፍ አገላበጥኩ። ሰውዬው ያስተምርበት የነበረው የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1502 ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ ከአንድ ደህና ቀበሌ የማትበልጥ ነበረች። ሉተር በ1525 ከገዳም የወጣችውን ካታሪና ፎን ቦራን አገባና መነኮሳቱ ለቀውት በሄዱት ገዳም ውስጥ ኖሩ። ባልየው ይሰብካል፣ ይጽፋል፣ ከጳጳሱ ጋር ይጣላል። ቤቱን የያዘችው ሚስትየዋ ናት። አትክልት ትተክላለች፣ አሳማ ታረባለች፣ ቢራ ትጠምቃለች። ባዶውን የመነኮሳት ክፍል ሁሉ ደግሞ ለተማሪ ታከራየዋለች፤ ከነምግቡ! እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ሳቅሁ። አውሮፓን ለሁለት ከከፈለው ሰው ጀርባ የቆመችው የወረታ አከራይ ናት።

ተማሪዎቹ እራት ሲበሉ መምህሩ ያወራል፤ እነሱም በአንድ እጃቸው እየጎረሱ በሌላው ይጽፋሉ። ያ የገበታ ጨዋታ ተሰብስቦ በ1566 መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ሉተር በክፍል ያስተማረውን የሚያነቡ ሊቃውንት ናቸው፤ በገበታ ያወራውን ግን ሁሉም ሰው ያነበዋል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ለምግቡ ነው ለወሬው የሚከፍሉት?» አለችኝ። ለምግቡ ነው ስላት በጣም ከፋት። ስንት ዓመት በነጻ ስታወራ እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የታያት።

እኛ ሰፈርም የመጡ ወንጌላውያን አሉ። በ1630ዎቹ አጼ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር እያስወጡ ሳለ፣ ፒተር ሃይሊንግ የሚባል የሉቤክ ተወላጅ ሉተራን ገብቶ የመኳንንት ልጆች ያስተምር ነበር። ሕንጻ አልነበረውም፤ ማስታወቂያ መጽሔትም እንደዚያው። በአጼ ቴዎድሮስ ጊዜ ደግሞ ከስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና የመጡ ወንጌላውያን ባለ እጆች ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፍረው ትምህርት ቤትና የብረት ሥራ ከፈቱ። ከመካከላቸው ዋልድማየር የሚባለውና ባልደረቦቹ ያሰቡት ወንጌልና ሙያ ለማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ራሳቸው መረጡላቸው፤ ሴባስቶፖል የሚባል መድፍ። ጋፋትም እንደ ማንኛውም ትንሽ ግቢ ውሎ አድሮ ዝምድና ሆነ። ዋልድማየር የንጉሡን ባለሟል የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ ቤልም የአገሬውን ሴት ያገባ ሰው ነበር። ትንሽ ግቢ ሲከርም አማች ያፈራል። ይህን የጋፋት ሰዎች በመጽሐፍ ጽፈውታል፤ የወረታ ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ ከምረቃ በኋላ በድንኳን ያረጋግጡታል።

ስለ ገበታ ካነሣን የእናቴን ገበታ ሳልናገር ባልፍ ቤት አልገባም። ፎገራ ላይ ሩዝ የቆየ እህል አይደለም። የገባው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በሚባሉት የአምራቾች ማኅበራት ውስጥ ዘርተው አሳዩ። ከዚያ በፊት ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት የፎገራ ላሞች መዋያ ነበር። ዛሬ ውኃው ሩዝ ያበቅላል፤ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። አገሪቱም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሏን እዚሁ ወረታ ላይ ተክላለች። ስለዚህ በእናቴ ገበታ ላይ የሚቀርበው እንጀራ ጤፍና ሩዝ ተደባልቆ የተጋገረ ነው። የድብልቁን መጠን ለማንም አትናገርም፤ ለእኔም ጭምር።

አዲስ ተማሪ፣ በተለይ ከደጋ የመጣ፣ መጀመሪያ ቀን እንጀራውን ገልጦ ያያል። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው እንዲህ የነጣው?»

«ሩዝ ነው፣ ልጄ።»

«ሩዝ በማንኪያ አይደል እንዴ የሚበላ?»

«እሱ ለታመመ ነው። አንተ ደህና ነህ፤ ጉረስ።»

በሁለተኛው ሴሚስተር ያው ልጅ ስለ ሩዝ ዝርያ ተምሮ ይመጣል። ኤክስ ጅግና የሚባለው እንዲህ ነው፣ ምርቱ እንዲያ ነው እያለ ለእናቴ ማስረዳት ይጀምራል። እናቴ እንደማታውቅ ሆና እስከ መጨረሻው ትሰማዋለች፤ ይህም የማስተማር ዘዴዋ ነው። ሲጨርስ «እሱስ እንጀራው ነጭ ነው፤ ሩዙ ከበዛ ግን ሲያድር ይደርቃል። ለጠላ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው» ትለዋለች። ልጁ እጁን ሳይታጠብ ደብተሩን ሊያመጣ ይሮጣል። ነገ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኖ ገበሬ ፊት ሲቆም ከመምህሩ የሰማውንና ከእናቴ የሰማውን አይለያቸውም። ገበሬው ግን ይለያቸዋል፤ በእናቴ ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው ሊባል ይችላል። ጨዋታ የማይሆንበት ወቅትም አለ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ የተኛው ውኃ ሲሸሽ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ትነሣለች። ቆላውን የለመደ ይቋቋማታል፤ ከደጋ የመጣ ልጅ ግን አጎበሩን ልብስ ማስጫ አድርጎት ይከርምና አንድ ቀን ይወድቃል። የእናቴ የጫማ ቆጠራ ጥቅሙ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ጫማው በር ላይ አለ፤ ልጁ ግን ለቁርስ አልወጣም። ታንኳኳለች። ካልመለሰ በሩን ትገፋዋለች። ከዚያ አንዱ ተከራይ ባጃጅ ይጠራል፣ ሌላው ደግፎ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል፣ ጎረቤት አጥሚት ታፈላለች፣ ለወላጆቹ የሚደውል ይደውላል። በግድግዳው ላይ ያለው የከሰል መስመርም ለዚያ ወር ሳይታይ ይታለፋል። ሺዎች የሚተኙበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ይህ ልጅ መቅረቱ የሚታወቀው ምናልባት የፈተና ወረቀቱ ባዶ ሲመለስ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የሺህ ሰው ጫማ የሚቆጥር የለም።

ለዚህ ነው የእህቴ ልጅ ስለ ክፍያው ስታማርር የማልደግፋት። ጫማ የሚቆጥር ሰው ውድ ነው። እኛ ዘንድ ርካሽ የሆነው ደረሰኝ ስለማይቆረጥበት ነው። እሷ ደግሞ አንዳንዴ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀኝ ፕራይቬሲ የለኝም» ትለኛለች። በአያቷ ግቢ አንድ ሴሚስተር ተከራይታ ትመልከት ብያታለሁ፤ ቅናሽ እንደሌለው ግን ከወዲሁ አስጠንቅቄያታለሁ።

ባለፈው ቡና ላይ አንድ የመጨረሻ ነገር ለእናቴ ነገርኳት። በ1534፣ በእኛ 1526 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተገናኝቷል። ስለ ሃይማኖት ጠየቁት፣ ስለ ቅዳሴው አወራቸው፣ በብዙ ነገር ተግባባን ተባባሉ። ሉተርም ሐምሌ 10 ቀን የተጻፈ የምስክር ደብዳቤ ሰጥቶ ሸኘው። እኔ በኩራት ነው የተናገርኩት፤ ከማንም በፊት ወደ መጀመሪያው የሉተራን ዩኒቨርሲቲ የሄደው የእኛ ሰው ነው ለማለት። እናቴ ስኒውን አስቀመጠች።

«መቼ ነው የሄደ አልከኝ?»

«ሰኔን እዚያው ነው የከረመ።»

«የሰኔ ጾም ነዋ! ምን አበሉት?»

ዝም አልኩ። በኋላ በባሕረ ሐሳብ አስቤ ሳየው እውነቷን ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 10 ዋለ፤ የሐዋርያት ጾም ግንቦት 30 ገብቶ ሐምሌ 5 ተፈታ። ዲያቆኑ የሉተርን አገር ያየው በጾም ነው። አሳማና ቢራ በሞላበት ከተማ፣ ጾምን እንደ ግዴታ አንቀበልም ካሉ ሰዎች መካከል! ሊቃውንቱ ስለ ሥላሴ የጠየቁትን ጽፈዋል፤ የወረታ አከራይ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ምሳው ነው። ጥያቄውን ለእህቴ ልጅ ላክሁላት፣ ለፕሮፌሰሩ አቀረበችው፤ «ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው» ብሏታል አሉ።

እናቴ ግን ጥናቱን የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ሦስተኛውን ቡና እየቀዳች ፋይሉን ዘጋችው። «መቼም ያቺ ካታሪና ተማሪ ያከራየች ሴት ናት» አለች፤ «ሽሮ ባይኖራት ባቄላ አታጣም።»